ለግሪሳ የተለቀቀ አልበም

በዚህ አገር ሐቀኛ የሙዚቃ ሃያሲ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ግሪሳ ወፍ ናት። ሌሎቻችን ሁላችን ውሸታሞች ነን። ወዳጃችን የዘፈነውን «ግሩም ነው» እንላለን፤ የማንወደው ሰው የዘፈነውን ሳንሰማ «ዘፈንማ ድሮ ቀረ» እንላለን፤ ሠርግ ላይ ደግሞ በጠላነው ዘፈን ትከሻችን እስኪወልቅ እንጨፍራለን። ግሪሳ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አታውቅም። ካልጣማት ትነሣለች፣ ከጣማት ትቀመጣለች፣ ከተቀመጠች ደግሞ ማሽላህን ጨርሳው ትሄዳለች። ይህን ከየት አመጣኸው ትሉኝ ይሆናል... ከማማ ላይ ነው። ቀስ ብዬ ላውጋችሁ።

አማቴ ጋሼ ተክሌ የወንድማቸውን ተዝካር ሊያወጡ ጣርማ በርን ተሻግረው መንዝ መሄድ ነበረባቸው። ችግሩ ማሽላው ነው። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ያለው ማሳቸው ገና ወተት መቋጠሩ ነበር፤ ግሪሳ ደግሞ ቀጠሮ ይዛ የምትጠብቀው ይህንኑ ጊዜ ነው። ስትመጣ እንደ ደመና ናት፤ ስትሄድ ለባለቤቱ የምትተውለት አገዳውን ብቻ ነው። ወንዶች ልጆቻቸው አንዱ ከባድ መኪና ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ናቸው። የቀረው ወንድ እንግዲህ... እኔ ነኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ጋሼ ተክሌም ማማውን ለእኔ ሰጡኝ።

ጋሼ ተክሌ ልጃቸውን ብርቄን ካገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ምን እንደሆነ ገብቷቸው አያውቅም። በየሳምንቱ ወግ እየጻፍኩ እንደምኖር ብርቄ ስታስረዳቸው «ይሁን፤ ሥራስ?» ነበር ያሏት። ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ማሽላዬን እንደተውኩት ካገኘሁት ሰው ነህ፤ ካላገኘሁት ግን...» ብለው የቀረውን ዋጡት። ጨርሰው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ብርቄም አባቷን ሸኝታ ስትመለስ፣ ያ ማሽላ የዓመት ቀለባችን መሆኑን አስታውሳ እንዳላሾፍበት አስጠነቀቀችኝ። በዚህ ቤት ቀልዱ የኔ፣ እንጀራው የሳቸው መሆኑን ያኔ ነው በደንብ የተረዳሁት።

ከተሜ ለሆናችሁ ላስረዳ። ማማ ማለት በረጃጅም እንጨቶች ላይ የቆመ፣ ከላይ ጥላ ያለው የወፍ ጠባቂ መቀመጫ ነው። ሰው እዚያ ላይ ወጥቶ ይጮኻል፣ ጅራፍ ያጮኻል፣ ወንጭፍ ይወነጭፋል። በዚያ ዳገት ሥር ያለ ማሳ ሁሉ የየራሱ ማማ አለው። ከኔ ቀጥሎ ያለው የእትዬ ዘሀራ ነው። እትዬ ዘሀራ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ማሳቸውን ራሳቸው የሚጠብቁ፣ ወፍን ከነዘር ማንዘሯ እየጠሩ የሚሰድቡ ሴት ናቸው። ከሁላችን በላይ ደግሞ የጋሼ እንድሪስ ማማ አለ። ጋሼ እንድሪስ የጠባቂዎቹ ሁሉ አባት ናቸው። በመጀመሪያው ጠዋት ማማዬ ሥር መጥተው ሕጉን ነገሩኝ፤ ሕጉ አንድ ብቻ ነው። ወፍ ለብቻ አይባረርም። መንጋውን መጀመሪያ ያየ ይጣራል፣ ሁሉም በየማማው ይነሣል፣ ከዚያ ባንድ ላይ እየጮኹ ወደ ሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ቁጥቋጦው ይሸኙታል። 

«ብቻውን ያባረረ ለጎረቤቱ እንግዳ ላከ ማለት ነው» አሉኝ። 

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በዚያ ቀን ወንጭፌ ድንጋዩን ወደ ፊት ከመላክ ወደ ኋላ መላክን መረጠ። ጅራፉ የገዛ ጆሮዬን ገረፈኝ። ጉሮሮዬ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትደርስ ተዘጋ። የዚያ ቆላ ሙቀት ሰውን ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ ያስለከልከዋል፤ እየጮኸማ እንዴት ይችለዋል! ከዚያ ወዲያ ግሪሳዋን የማባርራት በግልምጫ ነበር፤ እሷ እቴ፣ ምን ገዷት። እትዬ ዘሀራ ሁኔታዬን አይተው ከማማቸው ሆነው የኔንም ድርሻ ጮኹልኝ። ማታ ቤት ስገባ ብርቄን እንደምን አመሸሽ ያልኳት በእጄ ነው።

በማግስቱ ከተማ ገብቼ፣ ስልክ ጠጋኙ ኑሩ ዘንድ በፀሐይ የሚሞላ ትልቅ ስፒከር ገዛሁ። ሐሳቤ ሬዲዮ ከፍቼ ወፏ ማማው ላይ ሰው የሞላ እንዲመስላት ነበር። ማማዬ ላይ ወጥቼ ቁልፉን ስጫን... ጉድ ፈላ። የወጣው ድምፅ ቆርቆሮ በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከሥሩ አንድ ነገር ይደበደባል። ከላይ ደግሞ አንድ ሰው ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እንደሚነቅሉት ይጮኻል። አዲስ ስፒከሬ በአንድ ቀኑ ሞተ ብዬ በባጃጅ ወደ ኑሩ ከነፍኩ።

ኑሩ ጆሮውን ለጠፈበት። ፈታው፣ በብሩሽ ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው። ያው ነው። እንደገና ሊፈታው ካቻቢቴውን ሲያነሣ ከጩኸቱ መሀል ማሲንቆ ብቅ አለ። ተያየን። ማሲንቆው ወጉን ሳይጨርስ መንዙማ ላይ የምናውቀው ድቤና ጭብጨባ ገባ። ከዚያ ሬጌ፣ ከዚያ ሳክስፎን፣ ከዚያ ደግሞ ልብ የሚያባባ ዋሽንት። ኑሩ ካቻቢቴውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ይሄ ብልሽት አይደለም» አለኝ፣ «አስበውበት ነው ያደረጉት።»

ቆይቶ ትዝ አለው። ስፒከሩን የሸጠለት ወደ ደሴ ሲያልፍ የነበረ አንድ ጎፈሬያም ወጣት ነው። ሚሞሪውን ሳያወጣ ነው የሄደው። እሱና ጓደኞቹ የሠሩት የሮክ አልበም እንደሆነና ስሙም «ጭንጫ» እንደሚባል ነግሮት ነበር። የተከራዩት ክፍል ግድግዳ ላይ ፍራሽ ደግፈው ነው አሉ የቀዱት። የሄዱባቸው ሙዚቃ ቤቶች ሁሉ «መጀመሪያ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሆነ ወስኑና ኑ» ብለው መለሷቸው። እነሱ ደግሞ አንወስንም አሉ፤ በራሳቸው አወጡት። ኑሩ ታሪኩን ሲጨርስ ሚሞሪውን ላውጣልህ አለኝ። ተወው አልኩት፤ ለምን እንዳልኩት ግን አላውቅም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። ማማዬ ላይ ተመልሼ ደጋግሜ ሰማሁት። መሀል ላይ ባለ አንድ ዘፈን ጊታሩ ሲያጓራ ከሥሩ አንድ ሰው ይሸልላል፤ ድቤው ደግሞ ለሽለላው መልስ ይሰጣል። እኔ ይፋት ተወልጄ ሽለላውንም ድቤውንም ከአንድ መንገድ ግራና ቀኝ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሁለቱ ባንድ ቤት ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሆዴ ባባ፤ ዕንባዬም መጣ። ከዚያ ያ የመጋዝ ድምፅ ተመለሰና ዕንባዬን ወደመጣበት መለሰው።

ከሰዓት በኋላ ግሪሳዋ መጣች። መንጋው ሊያርፍ ዝቅ ሲል የመጀመሪያው ዘፈን ጊታር ጮኸ። ብታምኑም ባታምኑም መንጋው አየር ላይ ቀጥ አለ! ተጠማዘዘና እብስ አለ። ተመልሶ ሲመጣ ጊታሩ ሁለተኛ ጮኸ፤ ተመልሶ ሄደ። ወንጭፌን ወዲያ ወረወርኩት። ሬጌው ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ፦ ወፎቹ አይሄዱም፣ አይበሉም፤ አገዳው ላይ ቁጭ ብለው ይወዛወዛሉ። ዋሽንቱ ሲገባማ ጭራሽ ጉድ ሆነ። የተባረሩት ሁሉ ዘመድ አዝማድ አስከትለው ተመለሱ፤ ከወንዝ ማዶ እንኳ ያልተጠሩ እንግዶች መጡ። ቀጣዩን ዘፈን የሚያመጣው ቁልፍ ደግሞ ሰምጦ አይሠራም። ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። ስፒከሩ ጠፍቶ ሲበራ ከመጀመሪያው ዘፈን ይጀምራል፤ ዋሽንቱ ሊደርስ ሲል ማጥፋት፣ መልሶ ማብራት ነው።

እንዲህ እያልኩ ጥቂት ቀን ንጉሥ ሆኜ ኖርኩ። የጋሼ ተክሌ ማሽላ ንክች አላለም። እኔ ማማዬ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ሙዚቃዬን እኮመኩማለሁ። የጋሼ እንድሪስን ሕግ ትላላችሁ? በዚያ ጩኸት ውስጥ ሕግ አይሰማም፤ የሚጣራ ጎረቤትም አይሰማም።

በአንደኛው ከሰዓት ቀና ስል እትዬ ዘሀራን አየኋቸው። ማማቸው ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ይወረውራሉ። ጨርቅ ያውለበልባሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። «ወይ ሙዚቃ፣ የማታቀራርቢው የለ!» አልኩ በልቤ። ደስ ብሎኝ ድምፁን ጨመርኩላቸው። እሳቸውም ባሰባቸው፤ ጭራሽ ይዘሉ ጀመር። ሰው እንዲህ ሲያከብራችሁ ተጋድማችሁ ትቀራላችሁ? ተነሣሁና በእስክስታ መለስኩላቸው። ከላይ ደግሞ ጋሼ እንድሪስ ሽርጣቸውን ሰብስበው፣ ከዘራቸውን እያወዛወዙ ከማማቸው ሲወርዱ ታዩኝ። እሳቸውም ሊጨፍሩ እየመጡ መሰለኝ፤ ይፋት ለካ ሮክ አጥታ ነው እንጂ ብዬ ተደነቅሁ።

ዋሽንቱ ሊደርስ ሲል እንደ ልማዴ አጠፋሁት። በዚያች ጸጥታ ውስጥ የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ደረሰኝ።

«ኧረ የሰው ያለህ! ማሽላዬ አለቀ!»

ዞር ብዬ ማሳቸውን አየሁ። ማሽላ አይታይም፤ የሚታየው ወፍ ነው። ከኔ ያባረርኩት መንጋ ሁሉ እሳቸው ላይ ሰፍሯል፤ አገዳው ከክብደቱ ብዛት ጎብጧል። ከማማዬ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሁላችንም ተሯሩጠን እየጮኽን ወደ ወንዙ ስንነዳው፣ በኔ በኩል ያለው የማሳቸው ጥግ ተላጭቶ አገዳው ብቻ ቀርቷል።

እትዬ ዘሀራ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰደቡኝም። ባዶውን የማሽላ ራስ በእጃቸው ይዘው ቆይተው፣ ቀስ ብለው ተናገሩኝ።

«ጉሮሮህ የተዘጋ ቀን እኔ ጮኽኩልህ። እኔ ስጮህ አንተ ጨፈርክልኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። 

ሽማግሌዎች ከማሳው ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሼ እንድሪስ መሀል ናቸው። ተከሳሹ ይቅረብ ሲባል አንገቴን ደፍቼ ተነሣሁ።

«አንተን አይደለም፤ ዘፈኑን» አሉኝ።

እናንተዬ፣ አልበሙን ከአልፋ እስከ ኦሜጋ ሰሙት። ድቤው ሲመጣ ጋሼ እንድሪስ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ይሄስ የኛ ነው፣ ምንም ያጠፋው ነገር የለም አሉ። ሽለላው ሲመጣ ከጎናቸው የተቀመጡት፣ እንደኛው ማማ ያላቸው የደብሩ ሽማግሌ ወገባቸውን ቀና አድርገው፣ ይሄማ የታወቀ የኛ ነው ብለው ዋስ ሆኑለት። ማሲንቆው ያለ ክርክር በነፃ ተለቀቀ። ሬጌውን ጉዳትም ጥቅምም የለውም ብለው አለፉት። ዋሽንቱን እትዬ ዘሀራ ራሳቸው፣ እሱ ወፍ ጠራ እንጂ ማንም ላይ አልነዳም ብለው መሰከሩለት። በመጨረሻ ዘመድ ያጣው ያ የሚጮኸው ጊታር ብቻ ሆነ።

«ይሄስ የማን ነው?» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ምን ላድርግ? «የኔ ነው» አልኩ።

ፍርዱ ወዲያው ተሰጠ። ወፍ የበላው ጥግ በአጨዳ ጊዜ ከጋሼ ተክሌ ማሳ ይተካል። አልበሙ ደግሞ ለብቻ የሚሰማ ነገር ስላልሆነ ለየማማው ይከፋፈላል! እያንዳንዱ ጠባቂ አንድ አንድ ዘፈን ስልኩ ላይ ይጭናል፤ ጋሼ እንድሪስ ከዘራቸውን ሲያነሡ ሁሉም ባንዴ ይለቃል። ዋሽንቱ ብቻ ወንዝ ማዶ ይሄዳል። ስፒከሬ ግራር ላይ ተሰቅሎ ወፏን ወደዚያ ይጠራል። ይሄኔ አላስቻለኝም። አልበም ማለት እኮ ተፋቅሮ የተዋሐደ ነገር ነው፣ እንደ ቅርጫ በሬ መደብ መደብ አይባልም ብዬ ተሟገትኩ።

«በሬውም እኮ ቅርጫ እስኪገባ ድረስ አንድ ነበር» አሉኝ ጋሼ እንድሪስ፣ በርጋታ።

የተጎዳ ቀድሞ ይመርጣል ተባለና እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያውን ዘፈን፣ ያንን ባለ መጋዙን ወሰዱ። ጋሼ እንድሪስ ድቤ ያለበትን፣ የደብሩ ሽማግሌ ሽለላ ያለበትን ያዙ። ለኔ ማንም ያልፈለገው ሬጌ ደረሰኝ። ኑሩ በሞተር መጥቶ ለየስልኩ አደለ፤ ከስፒከሩ ሚሞሪ ላይም ከዋሽንቱ በቀር ሁሉንም አጠፋ። 

ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ከሰዓት፣ ከዘራው ሲነሣ፣ ያ አልበም ከየማማው ባንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሁሉም ዘፈን፣ በአንድ አፍ! ወደ ጀውሃ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች እየቆሙ ሠርግ ነው ወይስ ለቅሶ ብለው ይጠይቁን ነበር። ግሪሳዋ ግን አትጠይቅም፤ ወደ ዋሽንቷ ትነጉዳለች። የማንም ማሽላ አልተነካም። እኔን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ሌላ ነው። ያንን የሚተካ ጥግ ለጋሼ ተክሌ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?

ጋሼ ተክሌ የተመለሱ ቀን ከተማው መብራት ከጠፋ ሰነባብቶ ነበር። የሁላችንም ስልክ የሚሞላው ኑሩ ቤት ነው፤ የሁላችንም ስልክ ሞቷል። እሳቸው ከአውቶቡስ ወርደው ቤት እንኳ ሳይገቡ፣ አቧራቸውን እንደለበሱ፣ ቀጥታ ማሳው ዳር መጥተው ቆሙ። ሰላም ልላቸው ከማማዬ ልወርድ ስል ሰማዩ ጨለመ። የዚያን ቀኑን ያህል መንጋ አይቼ አላውቅም። ጋሼ እንድሪስ ከዘራቸውን አነሡ... ዝም። ከየትኛውም ማማ ድምፅ የለም። እሽ እሽ አልን፤ ድሮ የተናቀ እሽ እሽታ ነው፣ ማንም አልሰማንም። ወፎቹ በጋሼ ተክሌ ማሽላ ላይ መዘርገፍ ጀመሩ። ጋሼ ተክሌ ወፎቹን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አፌን ከፈትኩና ያንን ጊታር ጮህኩት። ቃል የለውም፣ ዜማ የለውም፣ ከእምብርቴ ተነሥቶ በአፍንጫዬም በአፌም የወጣ መጋዝ ነው። ራሴን እየወዘወዝኩ፣ ማማውን በእግሬ እየደበደብኩ ጮህኩ። የጉሮሮዬ ሥር ሊበጠስ ሲል እትዬ ዘሀራ ዘፈኑ የሳቸው ድርሻ መሆኑ ትዝ ብሏቸው መሰለኝ ተቀበሉኝ፤ ያ ሁሉ ዘመን ወፍ የሰደበ ጉሮሮ ከኔ እጥፍ አስተጋባ። ጋሼ እንድሪስ ባዶ ጀሪካን ገልብጠው ድቤውን አወረዱት። የደብሩ ሽማግሌ ፎከሩ። ዳገቱ በሞላ ጮኸ። መንጋውም ባንዴ ብድግ አለ፤ ሰማዩን አጥቁሮት ወንዙን ተሻገረ።

ጋሼ ተክሌ ማሳቸው ውስጥ ገብተው የማሽላውን ራስ እየዳበሱ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ስለሚተካው ጥግ የነገሯቸው እትዬ ዘሀራ ናቸው። ጋሼ ተክሌም ሕግ ነው፣ ይተካል ብለው ጨረሱት፤ እኔን ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። እስከ ቤት ፊት ለፊቴ ሄዱ። እቤት ገብተው ውሃ ጠጡና፣ እኔ አጠገባቸው እንደሌለሁ ሁሉ ለብርቄ አወሯት።

«ማሽላው ደህና ነው» አሏት። «ባልሽ ግን ደህና አይደለም። ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ጠበል መወሰድ አለበት።»

ብርቄ ደንግጣ አየችኝ። ድምፄ ስለተዘጋ መልስ ልሰጣት አልቻልኩም፤ ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። መቀነቷን እየፈለገች ነገ ሳይነጋ ይዤው ልውጣ አለች።

ጋሼ ተክሌ ብርጭቋቸውን ቁጭ አደረጉ።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» አሏት። «መጀመሪያ ማሽላው ይታጨድ እንጂ!»